ሳግ የያዘው ጥላ

ዶክተር አርሴማ የአቶ ኪሩቤልን ሞት የሰማችው ሳንባቸውን እያየች ሳለ ነው። ሳንባው በብርሃን ተሠርቶ፣ ከላቦራቶሪው ወለል ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይተነፍሳል። ከክሊኒኩ የደወለችው ነርስ «አቶ ኪሩቤል ማለዳ አርፈዋል» አለቻት። አርሴማ «ነፍስ ይማር» ብላ ስልኩን ዘጋችና ጥላው እስኪጠፋ ለመጠበቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰው ሲሞት ጥላው ብቻውን እንዳይከስም አጠገቡ መቀመጥ ልማዷ ነበር።

የአቶ ኪሩቤል ጥላ ግን አልከሰመም። ፀሐይ እስክትገባ ጠበቀችው፤ ይተነፍሳል። በማግስቱም ይተነፍስ ነበር።

በአዞላ ዩኒቨርሲቲ «ጥላ» የሚሉት የሕመምተኛውን የውስጥ አካል በብርሃን የሚደግም ምስል ነው። ሕመምተኛው ደረቱ ላይ ምስር የምታህል መስሚያ ይለጠፍለታል፤ «ፍሬ» ይሏታል። ፍሬዋ የልቡን ምት፣ የሳንባውን አሞላል፣ የደሙን ሙቀት ሰምታ ትልካለች፤ ጥላውም በሰማችው ይኖራል። አዲስ መድኃኒት ሰው ከመቅመሱ በፊት ጥላው ይቀምሰዋል።

ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሦስቱ ሕንፃዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ ጣሪያው አላለቀም። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዞር ብለው የማያዩትን ነጭ ሳልን የሚያጠናው እሱ ብቻ ነው፤ በሽታው የአዞላ ነዋ። የአዞላ ሐይቅ ሲሸሽ ነጭ ዱቄት ጥሎ ሄደ። ነፋስ ሲነሳ ዱቄቱ ሳንባ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሰው ማሳል ሲጀምር ነገሩ አልፏል። አቶ ኪሩቤል ሐይቁ ሐይቅ ሳለ ጀልባ ነጂ ነበሩ። ውሃው ከሄደ በኋላም ጀልባቸውን አልሸጡም፤ በር ላይ ገልብጠው ይቀመጡባት ነበር።

«ደምስሺው» አሉ ፕሮፌሰር ኢዮስያስ። ላቦራቶሪውን ከባዶ ክፍል ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። «የነጭ ሳል መድኃኒታችንን የሚፈቅዱት ሰዎች ሰኞ ይመጣሉ። የሞተ ሰው ሲተነፍስ ካዩ ማን ያምነናል? ጥናታችን በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«እስከ ሰኞ ይስጡኝ፤ ለምን እንደቆየ ልወቅና ያን ጊዜ እደመስሰዋለሁ።»

«እስከ ሰኞ ብቻ» አሉና ሄዱ።

አርሴማ ብቻዋን ስትቀር ጥላውን በደንብ አየችው። ሳንባው ድኖ ነበር። ዓመታት የፈጀው ጠባሳ የለም፤ የተሰባበረ መስተዋት ይመስል የነበረው ሳንባ ጠርቷል። ሰውየው መቃብር ውስጥ ናቸው፤ ሳንባቸው እዚህ ከሞት በፊት ያልነበረው ጤና ይዞ ይሞላል፣ ይጎድላል። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ አይታው፣ አማትባ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አርሴማም በሩን ሳትዘጋ መሥራት ጀመረች። ለምን እንደሆነ ቢጠይቋት አየር እንዲገባ ነው ትል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትንፋሹ ይለወጣል። አጭር፣ አጭር፣ አጭር ወደ ውስጥ፤ ከዚያ ረጅም ወደ ውጭ። በየቀኑ ከሰዓት እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰሩን ጠርታ አሳየቻቸው።

«መቆራረጥ ነው፤ የመሣሪያ ብልሽት» አሉ።

አርሴማ ድምፁን ከፈተችው። ክፍሉን የሞላው ድምፅ ማንም ሰው የሚያውቀው ድምፅ ነበር። ብዙ አልቅሶ እንባው ያለቀበት ሰው እንዲያ ነው የሚተነፍሰው።

«ሳግ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«ጥላ አያለቅስም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልጠነከረም። «ማጣሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ለቅሶ፣ ሳቅ፣ ዘፈን በሽታ አይደለም፤ ጥናት ያበላሻል። ወደ ጥላው ሳይደርስ ተጣርቶ ይወጣል።»

«ማጣሪያው የሚሠራው በሕይወት ላለ ሕመምተኛ ነው። ሰውየው ሲሞቱ ፋይላቸውን ዘጋን፤ ማጣሪያውም አብሮ ተዘጋ።»

ሳጉን ሁለቱም አዳመጡ። ፕሮፌሰሩ ቀድመው ወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት አርሴማ ከሳንባው ግርጌ ነጫጭ ነጠብጣቦች አየች። ጠባሳ አልነበሩም፤ ዱቄቱ ገና ቦታ ሲይዝ የሚታዩት፣ እሷ በመጽሐፍ እንጂ በሰው ላይ አይታቸው የማታውቃቸው ነጠብጣቦች ናቸው። ሰው ሳያስል ማን መርምሮት ያውቃል? አፍጥጣ አየቻቸው። ነጭ ሳል በአንድ ሳንባ ላይ ሁለት ጊዜ አይጀምርም። ሙትም አያለቅስም። የሚያለቅሰው የቀረው ነው። ጋወኗን ሳታወልቅ ወጥታ ወደ አቶ ኪሩቤል ቤት፣ ወደ አሮጌው የጀልባ ማቆሚያ ገሠገሠች።

የለቅሶው ድንኳን ተነቅሏል። የአቶ ኪሩቤል ባለቤት ወይዘሮ ሶልያና የተገለበጠችው ጀልባ አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ ሶልያና።»

«አሜን። ቁጭ በይ።»

አርሴማ ተቀመጠች። ነገሩን በምን እንደምትጀምረው ጨነቃት። «የአቶ ኪሩቤል ፍሬ የት ደረሰች?»

የሴትየዋ እጅ ወደ ደረታቸው ሄደ። «ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም።»

«የገነዙት ሰዎች ሰጡኝ፤ ጣያት አሉኝ። እንዴት እጥላታለሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ ልቡን ስትሰማ ኖራ የለ? እሱ ላይ በነበረችበት ቦታ ለጠፍኳት። ጥቂት እኔንም ትስማኝ ብዬ ነው።» ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። «ሰው ፊት አላለቅስም፤ ልጆቼ ይጨነቃሉ። ከሰዓት፣ ሁሉም ወደየሥራው ሲሄድ ነው የምነግራት።»

«ሰምታዎታለች» አለች አርሴማ። «እኔም ሰምቼዎታለሁ።»

ወይዘሮ ሶልያና ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አርሴማ እስኪገልጡት ጠበቀችና ያየችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ፍሬዋ የማንን ደረት እንደምትነካ እንደማታውቅ፣ ጥላው የእሳቸው እንደሆነ፣ ነጠብጣቦቹንም።

«እኔ እኮ አላስልም።»

«ለዚህ ነው የሚድኑት። መድኃኒቱ የሚያስለውን አላዳነም፤ ዘግይቶበት ነው። እርስዎ ጋ አልዘገየም።»

ሴትየዋ ሐይቁ ወደነበረበት ነጭ ሜዳ ብዙ አዩ። «እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ እናንተ ዘንድ ሲመላለስ እጁን ይዤ የማመጣው እኔ ነበርኩ» አሉ። «በር ላይ ነበር የምትመልሱኝ። እሱ ከሞተ በኋላ ነው ያያችሁኝ?»



ሰኞ ፕሮፌሰር ኢዮስያስ ለእንግዶቹ ምንም አልደበቁም። ጥላው መድኃኒቱን ሲቀምስ አሳዩ፤ የሞተ ሰው ነው ብለው ሊደመስሱት እንደነበርም ተናገሩ። ፈቃዱ ለሚያስሉት መሆኑ ቀርቶ ገና ለማያስሉት፣ ከሕመምተኛ ጋር አንድ ቤት ለሚኖሩት ተሰጠ። ወይዘሮ ሶልያና የመጀመሪያዋ ሆኑ። ከክረምት በፊት ነጠብጣቦቹ መጀመሪያ ቆሙ፣ ከዚያ ሳሱ። በጥላው ግርጌ ያለውን ስም መቀየር የአርሴማ ሥራ ነበር። «ኪሩቤል» የሚለውን ልታጠፋ ጣቷን ዘረጋች፤ መልሳ አነሳች። ቁልፉን የተጫነችው በብዙ ጭንቅ ነው።

ያ ሳግ ግን ከጆሮዋ አልወጣም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፕሮፌሰሩን «ማጣሪያውን ከሁሉም ላይ ያንሱልኝ» አለቻቸው።

«ለጥናቱ ምን ይጠቅማል?»

«አላውቅም።»

ፕሮፌሰሩ ብዙ አመነቱ፤ በመጨረሻ አነሱት። አርሴማ ድምፁን ከፈተች።

በክፍሉ ዙሪያ የቆሙት ጥላዎች፣ ለዓመታት እንደ ሰዓት እኩል ሲተነፍሱ የኖሩት፣ እኩልነታቸው ፈረሰ። አንደኛው ሳግ ይዞታል። አንዷ ትንፋሽ እያጠራት፣ እየቆረጠች፣ ሕፃን የምታስተኛበትን ዜማ ታንጎራጉራለች። ሌላው ጸሎት ያደርሳል። በመስኮቱ በኩል ያሉት፣ ከወር በላይ አይቆዩም የተባሉት ሽማግሌ፣ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ነግሯቸው እየሳቁ ነው፤ ሳቁ ወደ ሳል ይለወጣል፣ ሳሉ ሲበርድ እንደገና ይስቃሉ።

ፕሮፌሰር ኢዮስያስ ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው ዞሩ። የሠሩትን መሣሪያ የማያውቁት ሆኑ።

«የትኛው ነው የተበላሸው?» አሉ በቀስታ።

«አንዱም አልተበላሸም፣ ፕሮፌሰር።»

ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ማጣሪያውን መልሺው አላሉም።