ከካስክ ስር ያሉ ሐኪሞች

«እኔ አንቺን ብሆን አሽቀንጥሬ ነበር የምጥለው!» አሉ ሴትዮዋ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር።

ካስክ የገባ ሰው ጆሮው ስለሚደፈን ይጮኻል። ሴትዮዋ ሹክ ማለታቸው ነበር። ሹክታቸው ግን የፀጉር ቤቱን መስታወት አንቀጥቅጦ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ማዶ ያለውን ጎማ ጠጋኝ ከጎማው ላይ ቀና አደረገው። በቃ፣ እሱም ሰማ! የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ የድብርት መድኃኒት እንደምትወስድ የማያውቅ ቢኖር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው።

ልጅቷ የደንበኛ ፀጉር እያጠበች ጥርሷን ነከሰች። ማን ነገራቸው? ሌላ ማን! ፀጉር ሠሪዋ እናቷ የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን ስትጠቀልል እጇ መብረቅ ነው፤ ምላሷ ግን እጇን ይቀድመዋል።

«ያወፍራል አሉ» አለች የምትታጠበዋ።

«ውፍረቱስ ደግ! አንዴ ከለመደችው አለቀላት!» ጮኹ ሴትዮዋ።

«ኧረ በናታችሁ!» አለች ልጅቷ። ማን ሰምቷት!

መድኃኒቱን ያዘዙላት ሐኪም እንዲህ አልጮኹም። መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ ማቅለሽለሽና የአፍ መድረቅ ግን ቀድመው እንደሚመጡ ረጋ ብለው ነገሯት። «ሐሳብሽ ከጨለመ ወዲያው ደውዪ። በራስሽ እንዳታቆሚ» አሏት። እውነትም አፏ እንደ አሸዋ ደረቀ። ቆይቶ ግን ለወራት ውጧት የከረመው አልጋ አንድ ጠዋት ተፋት። ተጣጥባ ትምህርት ቤት ሄደች። የሒሳብ አስተማሪዋ ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው ሲገቡ፣ እንደ ሰው ሳቀች።

ከዚያ እነዚህ የካስክ ሐኪሞች አስፈራሯት። ከሰኞ ጀምሮ ኪኒኑን ምላሷ ስር ደብቃ ትተፋዋለች። አሁን ራሷ ይዞራል፤ በረባ ባልረባው እንባዋ ይመጣል። ትናንት ደግሞ ያ የድሮው ሐሳብ፣ «ባልኖር ለማን ምን ይጎድላል» የሚለው፣ ተመለሰ።

ቧንቧውን ዘጋችው።

«እማ፣ ጓዳ ነይ።»

«ቆይ፣ እትዬን ልጨርስና—»

«አሁን!»

ጓዳ እንደገቡ፣ «ኪኒኑን ትቼዋለሁ» አለች።

«ምን? ለምን?»

«ለነሱ ነግረሽ፣ እነሱ አስፈራርተውኝ ነዋ! የኔ ሕመም የደንበኛ ማጫወቻ ነው እንዴ?»

እናቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፈርቼ እኮ ነው» አለች። «ስለዚህ ነገር ምን አውቃለሁ? ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ።»

«ሐኪሙን ብትጠይቂ ምን አለበት?»

ልጅቷ መልስ ሳትጠብቅ ስልኳን አንስታ ለሐኪሙ ደወለች። ሐኪሙ ዛሬውኑ እንድትመጣ፣ እስከዚያ ኪኒኑን በራሷ እንዳትጀምር ነገሯት።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች እናቷ ሽርጧን እየፈታች።

«ነይ። የምናገረው ግን እኔ ነኝ።»

መንገዱን ሙሉ ልጅቷ በሆዷ ከራሷ ጋር ተከራከረች። ኪኒኑን መትፋቷን በስልክ መናገር ቀላል ነበር። ያንን የትናንቱን ሐሳብ ግን እናቷም ገና አልሰማችም። እሱን ብትዘለውስ? ማን ያውቅባታል?

ሐኪሙ ወንበር ሳቡላት። እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዶክተር» አለች ልጅቷ፣ «መጀመሪያ የትናንቱን ልንገርዎት።»