የሁዳዴው ዓሣ

መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ። በዚያ ቀን ከልጄ ከሣባና ሊያገባት ከሚፈልገው ከእዝራ ጋር፣ በባሌ ተራሮች ወዳለች አንዲት ትንሽ ሐይቅ በእግር ወጣሁ።

ልጆቹ የተዋወቁት በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰርቪስ ውስጥ ነው። እርሷ የልብስ ጥራት ትቆጣጠራለች፤ እርሱ የስፌት መኪና ይጠግናል። ዝናብ በጣለበት አንድ ማለዳ ወንበሩን ለቀቀላትና እስከ ፓርኩ ቆሞ ሄደ። በማግስቱም ቆመ። በሦስተኛው ቀን «ወንበር ትጠላለህ እንዴ?» አለችው።

እኛ ከትግራይ የመጣን ኦርቶዶክሶች ነን፤ የእርሱ ወላጆች የሆሳዕና ከተማ ጴንጤዎች። ሩዋንዳ ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ አልፈቅድም ማለት ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ሰው በመንገድ ይታወቃልና፣ ዓሣ ወደምታጠምድበት ተራራ ውሰደኝ አልሁት።

ሦስት ሰዓት ያህል ሽቅብ ተጓዝን። ጉልበቴ ሲዝል እዝራ ደከመዎት ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ የጫማውን ክር ለማሰር ደጋግሞ ጎንበስ ይል ነበር። ሣባ አየችው፤ ፈገግ ብላ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች።

ከሐይቁ ዳር መንጠቆውን ወረወረ። ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ትራውት የሚሉትን፣ ጎኑ በነጠብጣብ ያጌጠ ዓሣ በመረብ አወጣ።

«አባባ፣ ይኸን እጠብስልዎታለሁ። ዓሣ ለጾም ይሆናል ብዬ ነው።»

«በሁዳዴ ዓሣ አልቀምስም፣ ልጄ።»

በሐፍረት አቀረቀረ። ሣባ ሳቋ አመለጣት፤ «ጠይቀኝ አላልኩህም? አይ የኔ ጴንጤ!»

ዓሣውን ወደ ውኃው መለሰው። ያን ጊዜ የመጣሁበትን ጠየቅሁት።

«ልጄን ብሰጥህ ሃይማኖትህን ትለውጣለህ?»

ሣባ እሺ እንዲል በዓይኗ ለመነችው።

«አልለውጥም፣ አባባ» አለ። «ዛሬ እርስዎን ፈርቼ እምነቴን ብተው፣ ነገ ሌላ ሰው ፈርቼ እርሷን እተዋለሁ። እርሷንም ሃይማኖትሽን ለውጪ አልላትም።»

እንባዋ ወረደ። ሁሉም ያበቃ መስሏት ነበር። እኔ ግን በንግድ በኖርሁበት ዘመን፣ የሚፈልጉትን ለማግኘት የማያምኑበትን የሚምሉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ።

«ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላክ» አልሁት።

ሣባ አባቷ ፊት መሆኗን ረስታ እጁን ያዘች። እኔም ወደ ውኃው ማየት ጀመርሁ።

ዛሬ ተጋብተው ለሚ ኩራ ይኖራሉ። እሑድ እሑድ እርሷን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አድርሶ ወደ ጸሎት ቤቱ ይሄዳል።

የጻፍሁት ካስታወስሁት ነው። ቀኑን፣ የመንገዱን ርዝመት ወይም የዓሣውን መልክ ስቼ ከሆነ፣ የምታውቁ አንባቢዎች አቃኑኝ።