የሚያንጠባጥበው ዳዶ

ሽማግሌው ሀልቫርድ በቤታቸው ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ቦይለር አጠገብ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። የኋላ ራሳቸው ተፈንክቷል። እጃቸው ላይ መፍቻ አለ። ከበላያቸው የማሞቂያው ቧንቧ ከመጋጠሚያው ላይ ያንጠባጥባል፤ ወለሉም ርሷል።

መርማሪዋ ቱሪድ ኤንገርዳል ስትደርስ ቦይለሩ ውኃው ጎድሎበት ጠፍቶ፣ ቤቱ እንደ መቃብር ቀዝቅዞ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል፦ የሟቹ ልጅ አስትሪ፣ ባሏ ሩናር፣ እና ጎረቤታቸው የቧንቧ ሠራተኛው ኦታር።

«ቁርስ ላይ ‹ቧንቧው እያፈሰሰ ነው፣ ላጥብቀው› ብለውኝ ወረዱ» አለ ሩናር። «አዳልጧቸው ይሆናል። ካልሆነም…» በዓይኑ ኦታርን ጠቆመ። «ሰሞኑን በድንበር ሲጨቃጨቁ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«አፍህን ሰብስብ አንተ!» ኦታር ብድግ አለ። «ተጣላን እንጂ ተገዳደልን?»

«አንቺስ አስትሪ፣ ምን ሰማሽ?» አለች ቱሪድ።

«ተኝታ ነበር» ሲል ባሏ መለሰ።

«እሷን እኮ ነው የጠየቅኳት።»

«ምንም» አለች አስትሪ በሹክሹክታ። ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ጧ ሲል ክው ብላ ዘለለች። በዚያ ሁሉ ብርድ ከእሳቱ ርቃ፣ በሩ ሥር ነበር የተቀመጠችው።

ቱሪድ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ሬሳው ሲነሣ ጎንበስ ብላ ወለሉን ዳሰሰች። ከዚያ መጋጠሚያውን በባትሪ መረመረችና ኦታርን ጠራችው።

«ይሄን የመጋጠሚያውን ማጥበቂያ ዳዶ ብትፈታው እንዴት ትይዘዋለህ?»

«በሁለት መፍቻ ነዋ! አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያዞራል። አለዚያማ ቧንቧው እንዲህ ይጠማዘ…» ኦታር የተጣመመውን መዳብ አይቶ ቃሉን ዋጠው።

ተመልሰው ወጥ ቤት ተሰበሰቡ።

«የቆየ ፍሳሽ መዳብ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይተዋል» አለች ቱሪድ። «እዚህ ግን ብረቱ ንጹሕ ነው፤ ዳዶው የላላው ዛሬ ነው። ያላላውም ቧንቧውን ጠምዝዞታል፤ ስለዚህ ኦታር አይደለም። ዋናው ግን ወለሉ ነው። ዙሪያው ሁሉ ርሷል፤ ከሬሳው ሥር ያለው ሲሚንቶ ደረቅ ነው። ሀልቫርድ ሲወድቁ ውኃ አልነበረም። ከተመቱ በኋላ ነው የፈሰሰው።»

«እና እኔ ምን አገባኝ?» አለ ሩናር።

«ያልነበረ ፍሳሽ ቁርስ ላይ እንዴት ነገሩህ?»

ሩናር ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ነሽ የነገርሻት?»

አስትሪ ተነሣች። «አልነገርኳትም። ፈርቼህ ነበር፤ አሁንም እፈራሃለሁ።» ከዚያ ወደ ቱሪድ ዞረች። «አምና በረዶ በሸፈነው ሐይቅ ላይ የመንደራችንን መምህርት በበረዶ ሞተር ገጭቶ ገድሎ የሸሸው እሱ ነው። አባዬ ትናንት ደረሰበት። ዛሬ ለፖሊስ ሊናገር ነበር።»

ሩናር ወደ እሷ ተራመደ። ኦታር መሐላቸው ገብቶ ቆመ፤ ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶችም ገብተው ያዙት።

የፖሊስ መኪናው ድምፅ እስኪርቅ ድረስ አስትሪ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«የመምህርቷ እናት በሕይወት አሉ?» ስትል ጠየቀች።

«አሉ» አለች ቱሪድ።

«እንግዲያው እሳቸው ጋ ውሰጂኝ። ፊታቸውን ማየት ያስፈራኛል፤ ግን ከእኔው አፍ ይስሙት።»