የሙሪና ገዥ በፍርድ በርጩማ ላይ

ባሕሩ በጠራራ ፀሐይ ሸሸ። የሙሪና ደሴት ጀልባዎች ጭቃ ላይ ተጋደሙ፤ ዓሣው በየጉድጓዱ ይንፈራገጥ ጀመር። ሽማግሌዎች ደረታቸውን ደቁ። ትንቢቱን የማያውቅ የለም፦ ባሕር ሲሸሽ ሌዋጥ፣ የጥልቁ ዘንዶ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ነው፤ መልሶ የተነፈሰ እንደሆነ ሙሪና ከነነዋሪዋ ትጠፋለች።

ገዥው ባልዛር ይህን ያየው አደባባይ መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። ከባሕር ማዶ ያለው የሳርቂያ ዙፋን ሕግ ይህ ነበር፦ ዘመኑን የጨረሰ ገዥ ካባውን አውልቆ ይቀመጣል፤ የተበደለ ሁሉ «አንተ» እያለ ይከሰዋል። ከሳሽ ካልፈቀደለት አይነሳም። ነጻ ከወጣ ግን የመስፍንነት ካባ ደርቦ አገሩ ይገባል።

ያችን ካባ ባልዛር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያልማት ኖሯል። እሱ ገና በወጣትነቱ በየጦር ሜዳው ሲቆስል፣ ባሩድ ሸቷቸው የማያውቅ የመኳንንት ልጆች ሹመቱን ሲቀራመቱ አይቷል። በግብር ቀን በር ላይ አቁመውት አጥንት እየጋጡ አልፈውታል። ማንም የማይፈልጋትን ደሴትም የሰጡት እዚያው ይቅር ብለው ነው። ይህ አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ ሰጥቶት አያውቅም።

ከሳሹ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ዓሣ አጥማጇ ኢሉማ። ወንበዴዎች በመጡ ጊዜ ባልዛር የወደቡን ሰንሰለት አዘግቶ ባሏን ከነጀልባው ውጭ አስቀርቶታል።

«ከተማዋን አድኛለሁ» አላት።

«ማን አላዳንክም አለህ? ባሌን ነው የጠየቅኩህ።»

«ኢሉማ፣ ዘንዶውን የምትወጋው የመብረቅ ጦር በእኔ እጅ ናት። ፍቀጂልኝና ልነሳ።»

ሴቲቱ የሸሸውን ባሕር ዞራ አየች። «ተነሳ። በኮራሉ ቋጥኝ መሐል መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እመራሃለሁ። ክሴን ግን እንዳነሳልህ አትጠብቅ።»

«ሰማይንና ጥልቁን ምስክር አድርጌ እምላለሁ፤ ሌዋጥን ሳልጥል አልመለስም!»

«መሐላውን አሳጥሩት ጌታዬ፣ ውኃው አይጠብቀንም» አለ አሮጌው ወታደር ጎርዶ፣ መልሕቅ በትከሻው ተሸክሞ።

ሦስቱ ውኃው ወደሸሸበት ባሕር ወረዱ። በሰመጡ መርከቦች የጎድን አጥንት መሐል አለፉ፤ በሬ የሚያካክሉ ዕውር ሸርጣኖችን በሰይፍ እየገፉ፣ የሰው ስም እየጠራ የሚያለቅሰውን የባሕር ሣር ጆሯቸውን ደፍነው ተሻገሩ። ባልዛር አንዴም አላረፈም። በመጨረሻ የሌዋጥ አፍ እንደ ምሽግ በር ተከፍቶ ታያቸው። ከምላሱ ሥር ሰማያዊ ልቡ ይመታል።

አፉ ቀስ እያለ ይዘጋ ጀመር። ኢሉማ መልሕቁን ከጎርዶ ትከሻ ነጥቃ ሮጣ ገባች፤ በሁለቱ መንጋጋዎች መሐል አቁማ በጀርባዋ ደገፈችው። ብረቱ ተለመጠ።

«ውጪ!» ጮኸ ባልዛር።

«ከለቀቅኩት ይዘጋል! ወርውር!»

ባልዛር ያነሳትን ጦር መልሶ ዝቅ አደረጋት።

«ሰንሰለቱን ስትዘጋ አላመነታህም! ዛሬ ምን ነካህ አንተ ሰው? ከተማው ሙሉ ልጅ ነው፤ ወርውር!»

ወረወረ። መብረቁ የዘንዶውን ልብ ሰነጠቀው፤ መንጋጋውም ኢሉማን እንደያዘ ተከደነ። ባሕሩ በዝግታ፣ እንደ ተገራ ፈረስ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጎርዶ ጌታውን በአንገትጌው እየጎተተ ወደብ አደረሰው።

ሕዝቡ እልል አለ። ለፍርዱ ከሳርቂያ የመጣው ዳኛ ሲልባን የመስፍንነቱን ካባ ዘርግቶ ጠበቀው።

«ከሳሽ ሞታለች፤ ክሱም አብሯት ወድቋል። እንኳን ደስ ያለዎት፣ መስፍን ባልዛር!»

ባልዛር ካባዋን ዳሰሳት፤ ከእናቱ እጅ በቀር እንዲህ የለሰለሰ ነገር ነክቶ አያውቅም። ከዚያ ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«በሕይወት ሳለች አላነሳችውም። እኔ ደግሞ በሞቷ አላነሳውም። ባሏን ውጭ ዘግቼበታለሁ፤ እሷንም ውስጥ። ፍረድብኝ።»

«አብደሃል? አገርህን ዳግም አታያትም እኮ!»

«ፍረድ አልኩህ።»

ዳኛው ካባዋን አጠፈ፤ ማዕረጉን ገፎ ከደሴቲቱ እንዳይወጣ ፈረደበት። ሲመሽ ዳኛውን የምትመልሰው መርከብ ሸራዋን ዘረጋች።

«አንተ ሂድ እንጂ ጎርዶ፤ አገርህ ግባ» አለ ባልዛር።

ጎርዶ እያቃሰተ አጠገቡ መሬት ላይ ተዘረጋ። «የትኛው አገሬ? እዚያም በር ላይ ነው የሚያቆሙኝ» አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።