አሥራ ሁለት ጫጉላ

ሰፈሩ «ተናዳፊዋ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ንብ ስለምታነብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም አይተኛም። የንብ አናቢው አንድያ ልጅ ናት። ከሰላሳው ቀፎ የትኛው ቁጡ፣ የትኛው ሰነፍ እንደሆነ ከአባቷ እኩል ታውቃለች፤ አባቷ ግን ይህን በአፋቸው ተናግረውላት አያውቁም።

አናጢው ሱቅ የሄደችው ፍቅር ፍለጋ አልነበረም። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ የሠራችውን ንድፍ ይዛ ነው የሄደችው። አናጢው ሰጋቱራውን ከእጁ አራግፎ ወረቀቱን ተቀበለና ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ለሣጥን ያንሳል፤ ለመሳቢያ ይበዛል። ምንድን ነው?»

«ጫጉላ ነው።»

አናጢው ቀና አለ። ዓይኑ ፊቷ ላይ ከሚገባው በላይ ቆየ።

«ስንት?»

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት ጊዜ ልታገቢ ነው?»

ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ የምላሷን መርዝ ይቀምስ ነበር። እሷ ግን ሳቀች፤ መሳቋም ራሷን ገረማት። ከዚያ ተቀምጣ አስረዳችው። ገና የተፈለፈለች ንግሥት ንብ ለብቻዋ ትንሽ ቤት ያስፈልጋታል። አንድ ኩባያ ሙሉ ንብ፣ ትንሽ ማርና ጠባብ በር ይበቃታል። ፀሐይ ሲሞቅ በዚያች በር ወጥታ ትበራለች፣ አየር ላይ ከድንጉላዎቹ፣ ከወንዶቹ ንቦች ጋር ተገናኝታ ትመለሳለች፤ እንቁላል የምትጥለው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ቤቶቹን ጫጉላ ያለቻቸው። አናጢው ከንቡ ይልቅ እጇን ነበር የሚያየው፤ ስትናገር እጇ ዝም አይልም።

ችግሩ በር ላይ የቆመችው ጎረቤት ናት። የዱካዋን እግር ልታስጠግን መጥታ «ጫጉላ» የምትለዋን ቃል ሰማች፤ ማብራሪያውን ግን አልቆየችም። በማግስቱ አናጢው ለንብ አናቢው ልጅ ጫጉላ ቤት እየሠራላት ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ጫጉላው ሁለት መስኮት አወጣ። ሳምንት ሳይሞላው በረንዳ ተቀጠለለት።

ልጅቷ ደግሞ ወሬውን ሳታውቅ ማገዶ ታቀብለው ጀመር። አንዷን ሣጥን ለማየት ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች። በሩ ሰፋ ትላለች፤ ያጠበዋል። ክዳኑ ላላ ትላለች፤ ያጠብቀዋል። አንድ ቀን ምንም እንከን አጥታ ዝም ብላ ቆመች፤ እሱም ለምን መጣሽ ብሎ አልጠየቃትም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሙጫው እስኪደርቅ ጠበቁ። ሙጫው ደርቆ ከቆየ በኋላም አልተነሡም።

ወሬው መጨረሻ የደረሰው አባቷ ዘንድ ነው። ምሳ ላይ ነበሩ።

«አናጢው ጫጉላ እየሠራልሽ ነው የሚባለው ምንድን ነው?» አሏት።

ሳቋ አፏ ድረስ መጣ። አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አባቷ ግን አላስጨረሷትም፤ ማራችንን ለሚገዛው ነጋዴ ልድርሽ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ከሰጠሁም ወር ሆኖኛል አሉ። ማር ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም። ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ ብልቃጥ ላይ ወረቀት እንድትለጥፍለት ይፈልጋል፤ ቀፎ ደግሞ የወንድ ሥራ ነው ባይ ነው። ልጅቷ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ወር ሙሉ ሰው ሲመክርባት፣ እሷ ለንብ ንግሥቶች ቤት ስትለካ ከርማለች ማለት ነው።

«እውነት ነው» አለች። «እየሠራልኝ ነው። እስኪያልቅም ቸኩያለሁ።»

የአባቷ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። የድሮ ንብ አናቢዎች ንግሥቲቱን አውራ ነው የሚሏት፤ እሳቸውም እንደዚያው ናቸው። «በአንድ ቀፎ ሁለት አውራ አይኖርም» አሉ ቆጣ ብለው።

«አይኖርም። ግን ቀፎውን ለቆ የሚወጣው አሮጌው ነው፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ሳይወዱ ሊስቁ ነበር። ሳቁን ዋጡትና ተነሥተው ወጡ።

ድፍረቷ በማግስቱ ጠዋት አናጢው ደጅ ስትደርስ ከዳት። አባቷን መድፈር አንድ ነገር ነው፤ የሰው ስም ሳያስፈቅዱ ማንሣት ደግሞ ሌላ። እሱ አሥራ ሁለተኛዋን ሣጥን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ነበር።

«አንድ ነገር አጥፍቻለሁ» አለችው። «ጫጉላ ትሠራልኛለህ እየተባለ ነው። አባቴ ሲጠይቁኝ እውነት ነው አልኳቸው። አንተን ሳልጠይቅ።»

እሱ ከሣጥኗ ላይ ሰጋቱራውን እፍ አለ። «እኔንም የሰፈሩ ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ሲጠይቁኝ ነው የከረሙት።»

«ምን አልካቸው?»

«ምንም።»

«ለምን አላስተባበልክም?»

«አንቺ እስክታስተባብዪ እየጠበቅሁ ነበር» አለ። «ስትዘገዪ ጊዜ ደስ አለኝ።»

ከወደደችው ቆይታለች፤ ለራሷ ያመነችው ግን ያን ጊዜ ነው። ሣጥኗን ከእጁ ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈቻት።

«እንግዲያው አላስተባብልም» አለች።

«እኔም።»

ሣጥኖቹን አብረው ሞሏቸው። እሷ ለጋ ንቦቹ እንዳይበሩ ውኃ ትረጭባቸዋለች፣ በኩባያ እየጨለፈች ትገለብጣለች፤ ንግሥቲቱ ልትፈለፈልበት አንድ ቀን የቀራትን የሰም ቤት መሃል ላይ ታንጠለጥላለች። እሱ ክዳን ይገጥማል። ፊቱን የሚሸፍንበትን ዓይነ ርግብ አልብሳው ነበር፤ አላሠረውም ኖሮ አንዷ ገብታ ከዓይኑ ሥር ነደፈችው። ሳይነቃነቅ ቆመላት። መንደፊያውን በጥፍሯ ጠርጋ አወጣችለት፤ ከወጣ በኋላም ጣቷ ጉንጩ ላይ ቆየ።

ሦስት ቀን ዕቃ ቤቱ ጨለማ ውስጥ ዘግተው አቆዩዋቸው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሜዳው አወጡና አናጢው በሠራቸው ሦስት ረጃጅም የእንጨት መደቦች ላይ አራት አራት አድርገው ደረደሯቸው። በሮቹን ከፍተው ሳይጨርሱ አባቷ ማር ነጋዴውን አስከትለው ደረሱ።

አባቷ ወደ አናጢው ዞሩ። «ማን ሰጠህ?» አሉት፤ ስለ ሣጥኖቹ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ማንም አልሰጠኝም። ራሷ ናት የመጣችው» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዓይኑን ግን አልሰበረም።

ማር ነጋዴው በሽንገላ ቃና ልጅቷን መከራት። እኔ ቤት ምን ጎድሎሽ ከደጅ ትወጫለሽ፣ ፀሐይ እንኳ አያይሽም አላት። ያ «ፀሐይ አያይሽም» የሚለው ነው ያቃጠላት።

«እነዚህ ንግሥቶች ከነገ ወዲያ ፀሐይ ሲሞቅ ይወጣሉ» አለችው። «ባል አምጥቶ የሚሰጣቸው የለም፤ በርረው ነው የሚያገኙት። በሩን ብዘጋባቸው ምን እንደሚሆኑ አባባን ይጠይቋቸው።»

ነጋዴው ዞሮ ጠየቃቸው። አባቷ በሰው ነገር ዋሽተው ያውቁ ይሆናል፤ በንብ ነገር ግን አንድም ቀን ዋሽተው አያውቁም።

«ድንጉላ ብቻ ትወልዳለች» አሉ። «ሥራ የማያውቅ ድንጉላ። ከዚያ ቀፎው ያልቃል።»

«እኔ እሱን እወደዋለሁ፣ አባባ» አለች። «ንቦቼንም አልተውም። ቃሉን የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ለማንም ቃል አልሰጠሁም። ከልክለው ሊያስቀሩኝ ይችላሉ። ሊያጋቡኝ ግን አይችሉም።»

ዞራ የቀሩትን በሮች መክፈት ቀጠለች።

ማር ነጋዴው ነጋዴ ነውና ገበያ ያልወጣ ነገር ላይ አይከራከርም። ጫማው ላይ ያረፈችውን ንብ በጥንቃቄ አራግፎ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ሄደ።

አባቷ የመጀመሪያውን መደብ ዞሩት፣ ጎንበስ ብለው በሮቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አዙራችኋቸዋል» አሉ። «አንዱ ከሌላው አይለይም። ወጥታ ስትመለስ ቤቷ ይጠፋታል።»

«አይጠፋኝም፣ አባባ።»

አባቷ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ መደቡን ወደ ሌላ ወገን ሊያዞሩት አንድ ጫፉን ያዙና፣ አናጢውን ሳያዩት፣ «ና እንግዲህ፤ ያንን ጫፍ ያዝ» አሉት።