ያልተቃጠለው ክር

የሴንሰር መፈተሻ ክፍሉ ኃላፊ ጠዋት ከበሩ ሥር ተደፍተው ተገኙ። ካፖርታቸውን አላወለቁም፣ ቁልፉም ከእጃቸው አልወጣም። ክፍሉን ናይትሮጅን ሞልቶታል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ሁለት ሦስቴ የተነፈሰው ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል።

እሳት የላሰችው መርማሪ ስትደርስ ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብድግ ትላለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት! ትናንት የጋዙን ቱቦ ከጋኑ ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ላልቶ ተነቅሏል።»

ጋን የሚሉት አየሩ ተመጥጦ የወጣለትን የብረት በርሜል ነው። ጠፈር ላይ ባዶነትን የሚለካው ሴንሰር እዚያ ውስጥ ተቀምጦ፣ በጥቂት በጥቂቱ በሚገባ ጋዝ ልኩ ይስተካከላል።

«ስትወጪ ሴንሰሩ በርቶ ነበር?»

«አዎ። ውስጡ ያለው ቀጭን የብረት ክር እንደጋለ ነው የምናሳድረው።»

መርማሪዋ መቀመጥ አልሆነላትም። ከልጅቱ ወደ ዘበኛው፣ ከዘበኛው ወደ ጋኑ ተመላለሰች።

«ቁልፍ አለህ አሉ» አለችው ዘበኛውን።

«ቁልፉማ አለኝ፤ ግን እንኳን ልነካው፣ ይሄ ዕቃ ሲያጉረመርም ራሱ ያስፈራኛል።»

ሴንሰሩን የሠራው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የልጅቱ አጎት ነው።

«ሴንሰሩም አብሮ ተበላሸ አሉ» አለችው ሆን ብላ።

አጎትየው ቱግ አለ። «ማን ነው ያለው? በጋኑ መስታወት አይቼዋለሁ፤ ክሩ አልተነካም!»

«ወንድምዎ ግን አላሳልፈውም ብለው ነበር።»

«ልኩ ይዋዥቃል ብሎ! የዕድሜዬን ሥራ!»

ከሰዓት የክፍሉ ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱንም ጋኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ቱቦው በራሱ ቢነቀል ኖሮ አየር ወደ ጋኑ ይገባና የጋለው ክር ወዲያው ይቃጠል ነበር። አልተቃጠለም። ስለዚህ አንድ ሰው አስቀድሞ አጥፍቶ፣ ክሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ነው ቱቦውን የነቀለው። ሟቹ አይደሉም፤ ከበሩ አላለፉም። ዘበኛው ስለ ክሩ አያውቅም፤ ቢያውቅስ ምን ገዶት? ልጅቱ ብትሆን ‹አጥፍቼው ነው የወጣሁት› ብትል አደጋ ይመስልላት ነበር፤ እሷ ግን በርቶ ነበር ብላ እውነቱን ነገረችኝ። ለሰው ሳይራራ ለክሩ የራራው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ አጎትየው ዞሩ። ላቡን ጠረገ።

«ቢቃጠል እኮ» አለ በለሆሳስ፣ «እንደገና ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል።»

ልጅቱ ከዚያ ሁሉ መቁነጥነጥ በኋላ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባቴን ገደልኩ ብዬ ስጮህ» አለችው፣ «እጄን ይዘህ ‹አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል› አልከኝ፤ አጎቴ።»