የኮኮናት ውሃ ለሎሎ

«ምንድን ነው ያጠጣሻቸው?» አለች ቲታ ሚላ፣ ሮዌናን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አቁማ።

ሮዌና ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። «የኮኮናት ውሃ። እንዲሁ፣ ሳላወፍረው።»

ቲታ ሚላ አክስቷ ናት፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያ። አያቷን ሎሎ ኢስላውን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ንግግር የምታለማምዳቸው፣ አዋዋጣቸውንም የምትከታተለው እሷ ናት። ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባቸው እንዳይገባ የሚጠጡትን ሁሉ በዱቄት ታወፍረዋለች። ሮዌናም የትምህርት ዕረፍቱን ሙሉ ማንኪያ ይዛ ስታግዛት ከረመች። «እኔም የአክስቴን ሥራ ነው የምማረው» እያለች ለጓደኞቿ ጉራዋን ስትነዛ፣ «ዶክተሯ መጣች!» ይሏት ነበር።

ሎሎ ግን ዕድሜ ልካቸውን ኮኮናት ዛፍ ላይ ሲወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ያ አጥሚት የመሰለ ነገር ሲቀርብላቸው ይጠየፋሉ። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤት ገና የተቆረጠ ኮኮናት ሲያመጣ፣ የሮዌናን እጅ ይዘው «ውሃ» አሏት። ከስንት ወር በኋላ ጥርት ብላ የወጣች ቃል! እንዴት እምቢ ትበላቸው?

«አላሳላቸውም እኮ!» አለች ሮዌና። «ትን ቢላቸው ወዲያው አቆም ነበር።»

«ክፋቱ እሱ ነው። ጉሮሯቸው ደንዝዟል፤ ወደ ሳንባቸው ሲገባም አያስላቸውም። ነግሬሽ ነበር።»

እውነት ነው፣ ነግራታለች። የዚያን ቀን ግን ሮዌና ከአክስቷ ይልቅ እሷ ለሎሎ የምታዝን መስሏት ነበር። አሁን ከሁሉም በላይ ያሳፈራት ይሄ ነው።

ሎሎ ውሃው ካመጣባቸው የሳንባ ምች ተርፈው ቤት ሲመለሱ አጥንታቸው ገጥጦ ነበር። ያቺ ቃልም አብራቸው አልተመለሰችም። ቲታ ሚላ ያወፈረችውን ውሃ ከነማንኪያው ለሮዌና ዘረጋችላት።

«እኔ? ያን ሁሉ አድርጌ?»

«አንቺ። ካልፈለግሽ ግን አላስገድድሽም።»

ሮዌና ተቀበለቻት። ሎሎ ኩባያውን ሲያዩ ከንፈራቸውን ገጠሙ። በጣታቸው በመስኮቱ በኩል ጓሮ ወደተከመረው ኮኮናት ጠቆሙና በልመና አዩዋት።

«አይሆንም ሎሎ» አለች። «አልሰጥዎትም።»

ለእሳቸው እምቢ ብላ አታውቅም። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሮዌና በርጩማውን ሳብ አድርጋ ከጀርባቸው ተቀመጠች።

«እስኪዞሩ እዚሁ ነኝ» አለቻቸው።